«ሰፊ ቅጠል» እና «ሁለት ክክ» አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የግብርና ዓምድ ላይ በቅርቡ የወጣውን ስለ አረም ቁጥጥር የሚያትት ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ በአብዛኛው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም በመካከሉ «ቅጠላቸው ቀጭን የሆኑ ዕፅዋት ባለአንድ ክክ፣ ቅጠላቸው ሰፊ የሆኑት ደግሞ ባለሁለት ክክ ናቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ይህ አባባል በክፍል ውስጥም፣ በማሳ ላይም፣ በፀረ አረም መሸጫ ሱቅም ሲደጋገም ስለሚሰማ እንደ እውነት ተቆጥሮ ይኖራል። እኔ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርሁ፣ እስከ ዛሬም ከቤተሰቤ ጋር በርበሬና ጤፍ የማለማ ሰው ነኝ፤ ይህች አጭር አባባል በደጄ ያደረሰችውን ጉዳት በዓይኔ ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። በጓሯችን ካሉት ዕፅዋት ሁሉ ቅጠሉ እጅግ ሰፊ የሆነው ኮባ ነው፤ ኮባ ግን ባለአንድ ክክ ነው። የተልባ ቅጠል ከሣር ቅጠል ብዙም የማይሰፋ ቀጭን ነው፤ ተልባ ግን ባለሁለት ክክ ነው። የቅጠል ስፋት መለያ ሊሆን እንደማይችል እነዚህ ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ።

መለያው በስሙ ውስጥ ተቀምጧል። «ክክ» የሚለው ቃል ከማድ ቤት ወደ ሳይንስ መጽሐፍ የገባ ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ ከተሰየሙት የሳይንስ ቃላት መካከል ነገሩን እንደዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ብዙ አላውቅም። እናቴ አተር ስትከካ አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። አተሩን በምጣድ ለስለስ አድርጋ ታምሰውና በወፍጮው ላይ መጁን ብዙ ሳትጫን ታመላልስበታለች፤ ገለፈቱ ይላቀቃል፣ ፍሬውም ማንም ሳይለካው እኩል ለሁለት ይከፈላል። በሰፌድ ስታበጥረው ገለፈቱ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ክኩ ይቀራል፣ ከሰፌዱ ሥር ደግሞ ዶሮዎች እየተሻሙ የሚለቅሙት ብናኝ ይረግፋል። ያ ብናኝ ምን እንደሆነ የተረዳሁት መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ አተር ገለፈቱ ተልጦ በጥፍር ቀስ ተብሎ ቢከፈት፣ ከሁለቱ ክኮች መካከል፣ በአንድ ጠርዝ በኩል፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቆልመም ያለች ነገር ተጣብቃ ትታያለች። እርሷ ሽሉ ናት፤ ሥሩም ግንዱም የሚወጡት ከእርሷ ነው። ግራና ቀኝ የተያያዟት ሁለቱ ክኮች ደግሞ የተክሉ የመጀመሪያ ቅጠሎች ናቸው፤ ሽሉ ፀሐይ እስኪያገኝ ድረስ ስንቅ ይሆኑት ዘንድ በምግብ ተወጥረው የወፈሩ ቅጠሎች። በጾም ቀን የምንበላው የክክ ወጥ እንግዲህ የቅጠል ወጥ ነው። የተከካ አተር ቢዘራ የማይበቅለውም፣ በወፍጮው ላይ ሽሉ ረግፎ ለዶሮዎቹ ስለሆነ ነው።

ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ክክ ሲወጣ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ስንዴ ቢሰበር ቅንጬ ይሆናል፤ ቅንጬውም እንደ ዕድሉ ሦስትም አራትም ቦታ የተሰባበረ ነው፤ ምክንያቱም በስንዴ ፍሬ ውስጥ ለሁለት የሚከፈልበት ስፌት የለም። የራሰ የበቆሎ ፍሬ በስለት ከላይ ወደ ታች ቢሰነጠቅ፣ ወደ ቆረቆንዳው በነበረው ጫፍ በኩል ነጣ ያለ ሽል ይታያል፤ ቀሪው አብዛኛው ክፍል ዱቄት ነው። በሽሉና በዱቄቱ መካከል እንደ ጋሻ የተዘረጋች ስስ አካል አለች። የበቆሎ አንዲት ክክ እርሷ ናት፤ ሥራዋም ከዱቄቱ ምግብ እየመጠጠች ለሽሉ ማቀበል ነው። በአተር ስንቁ ያለው በክኮቹ ውስጥ ነው፤ በበቆሎ ግን ስንቁ ከክኳ ውጭ ነው። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ገብስና ማሽላም እንዲሁ ናቸው፤ ሁሉም የሣር ቤተሰብ ናቸውና። በጾም ገበታችን ላይ እንጀራው ከባለአንድ ክክ፣ ሽሮውና ክኩ ከባለሁለት ክክ፣ የሚቁላላው ሽንኩርት ደግሞ እንደገና ከባለአንድ ክክ የመጣ ነው ብዬ ስነግራቸው ተማሪዎቼ ትምህርቱን አይረሱትም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አነሣለሁ። ተማሪዎች ቡና ባለሁለት ክክ መሆኑን ሲያስረዱ «ፍሬው ውስጥ ሁለት ግማሽ ስላለው» ይላሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ትክክል አይደለም። በቀዩ የቡና እሸት ውስጥ ፊት ለፊት ገጥመው የምናገኛቸው ሁለት ጠፍጣፋ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ዘሮች ናቸው፤ የቡና ሁለት ክኮች በእያንዳንዱ ዘር ውስጥ ከተቀመጠው ትንሽ ሽል ጋር ያሉ ስሶች ናቸው። ዘጌ ሄዶ ከቡናው ጥላ ሥር የበቀለ ችግኝ ያየ ሰው ሁለቱ ክብ ቅጠሎች በቀጭን ግንድ ላይ ተዘርግተው ያገኛቸዋል።

ስለ ችግኝ ካነሣሁ አይቀር፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በክፍሌ የሆነውን ልንገራችሁ። ተማሪዎቼ ባቄላ በጣሳ ዘርተው፣ ሲበቅል አይተው እንዲሥሉ የቤት ሥራ ሰጠሁ። በመጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ሁለቱ ክኮች ከአፈር በላይ ተነሥተው እንደ ሁለት መዳፍ ተከፍተው ያሳያል። አንዲት ልጅ ግን ክኮቹን ከአፈር በታች፣ ግንዱን ብቻውን ወደ ላይ አድርጋ ሥላ አመጣች፤ እኔም እንደ መጽሐፉ አይደለም ብዬ የኤክስ ምልክት አደረግሁበት። በማግሥቱ ጣሳውን ይዛ መጣችና አፈሩን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ክኮቹ ከአፈሩ በታች፣ በገለፈታቸው እንደተጠቀለሉ ተቀምጠዋል። መጽሐፉ የሣለው ቦሎቄን ነበር፤ ቦሎቄ ክኮቹን ይዞ ይነሣል፣ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ግን ክኮቻቸውን በአፈር ውስጥ ትተው ይወጣሉ። ልጅቱ ያየችውን ሣለች፤ እኔ ግን ያላየሁትን አረምሁ። ምልክቱን ሰርዤ ሙሉ ውጤቷን ሰጠኋት፤ ከዚያ ዓመት በኋላም በባቄላ ብቻ አስተምሬ አላውቅም። ለእኛ አገር ልጆች ሁለቱን ክክ ከአፈር በላይ ለማሳየት ከሁሉ የሚሻለው ግብጦ ነው፤ ወፍራም ሁለት ክኮቹን ተሸክሞ ይወጣና በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናሉ። ኑግ፣ ጎመንዘርና በርበሬም ክኮቻቸውን ያወጣሉ። በሽንኩርት መደብ ላይ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ነገር ይታያል፦ መጀመሪያ የሚወጣው እንደ ክር የቀጠነና በመሐሉ የታጠፈ አንድ ነገር ነው፤ ኋላ ቀጥ ሲል ጥቁሩን የዘር ገለፈት በጫፉ ላይ አንጠልጥሎ ይቆማል። ያ ክር የሽንኩርቱ አንዲት ክክ ነው።

ወደ ቅጠሉ ልመለስ። ቅጠል ስለ ወገኑ የሚናገረው በስፋቱ ሳይሆን በጅማቶቹ አደራደር ነው። በሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የዘንባባ ዝንጣፊ ተቀብሎ ቀለበት ያልሠራ ልጅ በጎጃም ያለ አይመስለኝም። ዘንባባው በጥፍር ተሰንጥቆ ሲሳብ ከሥር እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ የሚፈለገውን ያህል ቀጭን ስለሚሆንም ለቀለበትና ለመስቀል ይታጠፋል። ይህ የሚሆነው ጅማቶቹ ጎን ለጎን፣ ሳይገናኙ፣ ከሥር ወደ ጫፍ ስለሚሄዱ ነው። የዋንዛ ቅጠል በዚያው መንገድ ለመቅደድ ቢሞከር ጥቂት ሄዶ ወደ ጎን ይወላገዳል፤ ጅማቶቹ እንደ መረብ የተሳሰሩ ናቸውና። እናቶቻችን ለስፌት አክርማና ስንደዶ፣ የጣና ሰዎች ለታንኳ ደንገል የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስቱም ባለአንድ ክክ ናቸው፣ ሦስቱም ርዝመታቸውን ሙሉ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጭረት አላቸው። የኮባ ቅጠል ምንም ሰፊ ቢሆን፣ ከመሐል አጥንቱ ወደ ዳር የሚሄዱት ጅማቶች ጎን ለጎን የተደረደሩ በመሆናቸው ነፋስ ሲመታው በጅማቶቹ መካከል እየተቀደደ እንደ ዘርፍ ይንጠለጠላል። በነፋስ ማግሥት ኮባውን ማየት በቂ ነው።

ይህም ቢሆን ያለ ልዩነት የሚሠራ ሕግ አይደለም። ለቁስል የምንጠቀምበት ጎርጠብ ከሥሩ እስከ ጫፉ ጎን ለጎን የሚሄዱ ጅማቶች አሉት፤ ነገር ግን ባለሁለት ክክ ነው። የጎደሬ ቅጠል በተቃራኒው መረብ የመሰሉ ጅማቶች አሉት፤ ነገር ግን ባለአንድ ክክ ነው። አበባን መቁጠርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የባለአንድ ክክ ዕፅዋት የአበባ ክፍሎች በሦስት ወይም በስድስት፣ የባለሁለት ክክ ደግሞ በአራት ወይም በአምስት እንደሚቆጠሩ ይነገራል፤ ለሽንኩርትና ለተልባ ይህ ልክ ነው። አንድ ልጅ ግን በመስከረም አደይ አበባ ቀጥፎ ቢጫ ቅጠሎቿን ቢቆጥር ይደናገራል፤ ምክንያቱም አንድ አበባ የምትመስለው አደይ የብዙ ትናንሽ አበቦች ማኅበር ናት፣ እያንዳንዷ ቢጫ ቅጠል የምትመስለውም ራሷን የቻለች አበባ ናት። ኑግም እንዲሁ ነው። ከመሐሏ ካሉት ጥቃቅን አበቦች አንዷን በመርፌ አውጥቶ አፏን በማጉያ መስተዋት ያየ ሰው አምስቱን ጥርሶች ያገኛል። ስለዚህ አንድን ተክል በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ዘሩን፣ ቡቃያውን፣ ጅማቱን፣ ሥሩንና አበባውን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ሥር ገበሬው ከእኔ ይልቅ ስለሚያውቅ አላረዝምም። ጤፍ ሲነቀል እንደ ፀጉር የበዛ ቀጫጭን ሥር አፈሩን አቅፎ ይወጣል፤ ኑግ ሲነቀል አንድ ዋና ሥር ከነቅርንጫፎቹ ይመዘዛል። ስለ ግንድ ግን አንድ ሁለት ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ በዚህ ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኑሯችን ላይ ብዙ ውሳኔ ያሳልፋልና። በአዊ ደጋ የሚበቅለው ቀርቀሃ ከመሬት ሲወጣ ውፍረቱን ይዞ ነው የሚወጣው፤ በጥቂት ወራት ቁመቱን ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ ይጠነክራል እንጂ አይወፍርም። ብሳናና ዋንዛ ግን በየዓመቱ ይወፍራሉ፤ በልጣቸውና በእንጨታቸው መካከል አዲስ እንጨትና አዲስ ልጥ የምትፈጥር ስስ ሽፋን አለቻቸው። ባለአንድ ክክ ዕፅዋት ይህች ሽፋን የለቻቸውም፤ የውኃና የምግብ ቧንቧዎቻቸውም በቀለበት የተደረደሩ ሳይሆኑ በግንዱ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። የአንዱን አቮካዶ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ ገጥሞ ማዳቀል የሚቻለው የሁለቱ ሽፋኖች ተገናኝተው ስለሚያያዙ ነው። ሙዝን ከሙዝ እንዲሁ ለማዳቀል የሚደክም ሰው ልፋቱ ከንቱ ነው፤ የሚያያዝ ነገር የለምና። ሣር ከብት ግጦት መልሶ የሚያቆጠቁጠውም የሚያድግበት ነጥብ ከሥሩ፣ በቅጠል ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚቆይ ነው። በቆሎ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ያ ነጥብ ከአፈር በታች ስለሆነ፣ በዚያ ዕድሜው በረዶ ቅጠሉን ቢያረግፈው ተስፋ ቆርጦ መገልበጥ አያስፈልግም። የኑግ ቡቃያ ግን ከሁለቱ ክኮቹ በታች ከተቆረጠ አይመለስም።

ነገሩ የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል ባልጻፍሁ ነበር። ገበሬው «ቱፎርዲ» የሚለው 2፣4-ዲ የተባለው ፀረ አረም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተገኘ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በእህል ማሳ ላይ ሲረጭ ኖሯል። ዕፅዋት ለዕድገታቸው የሚያመነጩትን ኦክሲን የተባለ ቅመም መስሎ ይገባና ተክሉን ያለ ልክና ያለ ሥርዓት እንዲያድግ ያደርገዋል፤ ግንዱ ይጣመማል፣ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ቧንቧዎቹ ይታፈናሉ፣ በመጨረሻም ይደርቃል። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በጊዜው እና በልኩ ሲረጭባቸው የሚተርፉት በሰውነታቸው ውስጥ መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያፈርሱት፣ እንደ ልቡም እንዳይዘዋወር ስለሚገቱት፣ የሚያድጉበት ነጥብም በቅጠል ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ ነው። ከመጠን በላይ ወይም ያለ ጊዜው ከተረጨ እነርሱንም ይጎዳል። መድኃኒቱ የቅጠል ስፋት ለክቶ አይገድልም፤ የሚመርጠው በወገን ነው። በሱቅ «የሰፊ ቅጠል አረም ማጥፊያ» ተብሎ ሲሸጥ ግን የሚሰማው ገበሬ ማሳውን በዓይኑ ይቃኝና ቅጠሉ ቀጭን የሆነውን ሁሉ ከሞት የሚተርፍ፣ ስሙ ከእህል የሚቆጠረውን ሁሉ የተጠበቀ አድርጎ ያስባል።

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ የደረሰብን ይህ ነው። ከቤታችን በታች ካለው አንድ ቃዳ መሬት በግማሹ በርበሬ ተክለናል፤ ከወሰኑ ማዶ የጎረቤታችን ጤፍ ነው። እሳቸው የተከበሩ፣ ሥራ ወዳድ፣ ለሰው ክፋት የማያስቡ ሽማግሌ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ዝናብ ሊመጣ ነፋስ ተነሥቷል፤ መርጫውን አዝለው ሲረጩ አየኋቸውና ሰላምታ ተለዋውጠን አለፍሁ። የመድኃኒቱ ሽታ እስከ ቤቴ ደጃፍ ደርሶ እንደነበር አስታውሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ከማሳው ጠራችኝ። ከወሰኑ አጠገብ ባሉት መደቦች ላይ የበርበሬው ጫፍ እንደ ከዘራ ራስ ወደ ታች ታጥፏል፤ ከቀናት በኋላ የወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ደግሞ ጠበው፣ ረዝመው፣ ዳር ዳራቸው ተጨማዶ፣ መረብ የነበሩት ጅማቶቻቸው እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ጎን ለጎን የተደረደሩ ይመስሉ ነበር። ያንን ቅጠል በመዳፌ ይዤ ብዙ ቆየሁ። በቅጠል ስፋት ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢያየው የሣር ዘመድ ነው ይለው ነበር፤ በእርግጥ ግን ሊሞት የተቃረበ ባለሁለት ክክ ተክል ነበር።

ጎረቤቴ ጋ ሄጄ ስነግራቸው አብረውኝ መጡና አዩት። «መምህር፣ ለጤፍ የሚሆን መድኃኒት ነው ብለው ሰጡኝ እንጂ በርበሬ ይነካል ያለኝ የለም» አሉ። ቀጥለውም ወደ ራሳቸው ማሳ ዳር አሳዩኝ። ከብት ስለማይወደው ጤፉን ይከልልልኛል ብለው በዳር በዳሩ የዘሩት ኑግ መጭ ከሚባለው አረም ጋር አብሮ ጠውልጎ ነበር። መጭን የሚገድል መድኃኒት ኑግን ይምራል ማለት የማይታሰብ ነው፤ መጭና ኑግ እጅግ የቅርብ ዘመዳሞች፣ ከአንድ ወገን የተወለዱ ዕፅዋት ናቸው። ይህን ለእሳቸው ማንም አልነገራቸውም። አልተቀየምኋቸውም፤ የምቀየመው «ለጤፍ የሚሆን» ብሎ ሸጦ በማሳው ዳር ምን እንዳለ ያልጠየቀውን ነው።

በሌላም በኩል ችግሩ ይገለበጣል። ጎረቤቴ በጤፋቸው ውስጥ የቀረውን ሣር እያሳዩ «ይኸኛው ለምን አልሞተም?» ብለው ጠየቁኝ። ወንጌሉ ላይ ያለውን የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌ አስታወስኋቸው። አገልጋዮቹ እንክርዳዱን እንንቀለው ሲሉ ጌታቸው ስንዴውን አብራችሁ ትነቅሉታላችሁ፣ እስከ መከር አብረው ይደጉ አላቸው። እንክርዳድም ስንዴም ከሣር ቤተሰብ፣ ከባለአንድ ክክ ናቸው፤ በቡቃያነታቸው ለዓይን መለየት ያስቸግራሉ፣ ለቱፎርዲም እንዲሁ ናቸው። ስናርም ከዚያው ወገን ነው። በየዓመቱ ያንኑ መድኃኒት ብቻ በሚረጭ ማሳ ላይ ባለሁለት ክክ አረሞች እየቀነሱ ሲሄዱ ቦታውን ሣር ነክ አረሞች ይወርሱታል። የሣር አረም የሚያጠፉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን ጤፍ ራሱ ሣር ስለሆነ ለስንዴ የተፈቀደው ለጤፍም ይሆናል ብሎ መገመት ሙሉ አዝመራን ያሳጣል። በዚህ ምክንያት በደቦም ሆነ በቤተሰብ ጉልበት በእጅ ማረምን የሚተካ ነገር ለጤፍ ገና በቀላሉ አይገኝም።

ጽሑፋችሁ ሳይንሱን እንደ ዱሮው ብቻ ማቅረቡንም በአክብሮት ላስታውስ። ዕፅዋትን በክኮቻቸው ብዛት ለሁለት ከፍሎ መመደብን በሚገባ የጀመረው እንግሊዛዊው ጆን ሬይ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1682 ነበር። ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ሁለቱ ክፍሎች እንደ ሁለት ወንድማማች ተደርገው ሲታዩ ቆዩ። ከዚያ ተመራማሪዎች የዕፅዋትን ዘረመል ማነጻጸር ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው አዲሱ አመዳደብ ባለአንድ ክኮች በእርግጥም ከአንድ አባት የወረዱ አንድ ወገን ሆነው ተገኙ፤ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ ዝርያዎች እንዳሏቸው ይገመታል። ባለሁለት ክክ የሚባሉት ግን አንድ ወገን አልሆኑም። አብዛኞቹ፣ ባቄላም፣ ኑግም፣ በርበሬም፣ ብሳናም፣ በአንድ ትልቅ ወገን ተሰባሰቡ፤ ጥቂቶቹ ግን ከዚያ ቀድመው የተለዩ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ አንዱ አሁን በየጓሯችን እየተስፋፋ ያለው አቮካዶ ነው። ፍሬውን ሰንጥቆ ያወጣውን ትልቅ ዘር በእጁ የያዘ ሰው ለሁለት ሲከፈል ያየዋል፣ ሁለት ክክ ነው። አበባውን ቀርቦ የሚያይ ግን ቅጠሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ ተደርድረው ያገኛቸዋል፣ እንደ ሽንኩርት። ባለአንድ ክክና ባለሁለት ክክ የሚለው ክፍፍል ለገበሬውም ለተማሪውም ዛሬም ይጠቅማል፤ በክፍል ውስጥ ስንናገረው ግን ከአቮካዶው ጋር አብረን ብንናገረው ልጆቹ ሳይንስ እየተመረመረ የሚሄድ ነገር መሆኑን ከጓሯቸው ያያሉ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጋዜጣችሁ ያንን ዓረፍተ ነገር ያርምልን፤ በግብርና ዓምዱም «ሰፊ ቅጠል» ከማለት «ባለሁለት ክክ» ማለትን ይልመድ፤ ቃሉን ክክ የምትከካ እናት ሁሉ ታውቀዋለችና ለገበሬው አይከብደውም። ፀረ አረም የሚሸጡም ሆኑ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት «በማሳህ ውስጥና በዳሩ ምን አለ? ከወሰኑ ማዶስ ምን ተዘርቷል?» ብለው ይጠይቁ። ነፋስ ሲነሣ እንዳይረጭ፣ ቱፎርዲ የተረጨበት መርጫም በደንብ ሳይታጠብ ለበርበሬ ወይም ለባቄላ የተባይ መድኃኒት እንዳይውል ይንገሩ፤ በዕቃው ውስጥ የቀረው ጥቂት እንኳ በርበሬን ለመጉዳት ይበቃል። መምህራን ባልደረቦቼ ደግሞ ሰንጠረዡን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ግብጦ፣ ባቄላ፣ በቆሎና ሽንኩርት በአንድ ሳጥን አፈር ውስጥ ጎን ለጎን ይዝሩ፤ ዋጋው ከአንድ እፍኝ ዘር አይበልጥም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በወረቀት መካከል የደረቁ ሁለት የበርበሬ ቅጠሎች ልኬያለሁ። አንደኛው ከወሰኑ ርቆ ከነበረው ጤነኛ መደብ የተቀጠፈ ነው፤ ሁለተኛው መድኃኒቱ የነካው ነው። ፎቶግራፋቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታትሙት፣ በመጪው ክረምት መርጫ ከማንሣቱ በፊት የሚያየው ገበሬ ይኖራል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የባዮሎጂ መምህር
ከምዕራብ ጎጃም